"ባልኖር ይሻል ነበር" አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ እህታችን፣ የምፅፍልሽ ከሀዋሳ ነው። አንድ አብሮ አደጌ አለ፣ ባጃጅ ነው የሚሰራው፣ ማታ ማታ ፍቅር ሀይቅ ዳር ዞር ዞር እንል ነበር፣ አሁን ግን ሁለት ወር ሊሆነው ነው ስልክ አያነሳም፣ ባጃጇንም ለባለቤቷ መልሷል፣ ቤቱ ስሄድ ቀን ተኝቶ ነው የማገኘው፣ እናቱ ደሞ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው የሚያነጋው ትላለች። በጣም ከስቷል። ባለፈው "እኔ ባልኖር ለሁሉም ይሻል ነበር" አለኝ፣ ምን እንደምለው ጠፋኝና "ተው ባክህ፣ ጠንከር በል" ብዬው ወጣሁ። እናቱ ጸበል ልውሰደው ትላለች፣ ሰፈሩ ጫት ነው ያበላሸው ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ተመልሰህ ሂድ። ስለ መሞት ከጠየቅነው ሀሳቡን እናስገባበታለን ብለን እንፈራለን፣ ግን እንደዛ አይደለም፣ በግልፅ መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣም፣ እንደውም ብዙ ሰው የሚሰማው ሲያገኝ ቀለል ይለዋል። ሰው በሌለበት ቁጭ በልና "ያልከኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም፣ ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?" በለው። ከዛ ዝም ብለህ ስማው፣ ምክሩ ይቆይ።

አዎ ካለህ፣ በተለይ እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበበት ብቻውን ጥለኸው እንዳትወጣ፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁና በዛው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘኸው ሂድ። "ለማንም አትንገር" ቢልህም እሺ ብለህ ቃል አትግባለት፣ ይቀየምህ ግድ የለም፣ ይኑርልህ ብቻ።

የለም፣ አላሰብኩም ቢልህም ህክምናው አይቀርም። ሀዘኑ ወይ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ያንተ ጓደኛ ደሞ ሁለት ወሩ ነው። ድብርት ስንፍና አይደለም፣ በ"ጠንከር በል" የሚለቅ ቢሆን እሱ ራሱ ድሮ ባስለቀቀው። "እብድ ነኝ እንዴ?" ይልህ ይሆናል፣ እንቅልፍ እምቢ ስላለህ ነው የምንሄደው በለው፣ ውሸትም አይደለም።

እናቱን በጸበሉ አትከራከራት። ጸበሉም ህክምናውም አብሮ ይሄዳል፣ መድሀኒት ከታዘዘለት ግን እንዳይቋረጥ አደራ በላት፣ የድብርት መድሀኒት ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ቆይቶ ነው፣ ብዙ ሰው "ምንም አልሰራልኝም" ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ይተወዋል። ጫቱን ለሀኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፣ እንቅልፍም ስሜትም ያዛባል፣ ሰፈሩ ግን በሱ ብቻ ባይፈርድበት ጥሩ ነው፣ ጭንቀቱን ሊረሳበት ጀምሮት እንደሆነ ማን ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ "የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውልልኝ" አትበለው፣ በዚህ ሰዓት ስልክ ማንሳት ራሱ ተራራ ነው የሚሆንበት። "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ" በለውና በሰዓቱ በሩ ላይ ተገኝ። ባጃጅ ከሰፈራችሁ ተራ አትያዝ፣ ልጆቹ ስለሚያውቁት ይሸማቀቃል፣ ራቅ ካለ ቦታ ኮንትራት ይዘህ ና።