ከባለቤቴ ጋር ወደ ሐረር፦ ጥያቄና መልስ

ጀጎል፣ በግንብ በተከበበችው የድሮዋ ሐረር ውስጥ፣ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ጀርመን 22 ዓመት ኖሬያለሁ። ከባለቤቴ ጋር ሁለቴ ሐረር ሄጃለሁ፤ እሱ ጀርመናዊ ነው። የማውቀውን እመልሳለሁ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በምን ይሻላል?

መልስ፦ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይለወጣል። ሐረማያ ላይ መኪናውን አስቁሙ። እኔ ስወጣ ሐይቁ ሊደርቅ ተቃርቦ ነበር። አሁን ውሃ ተመልሶበታል።

ጥያቄ፦ ሳልናገር ሄጄ እናቴን ላስደንቃት ብዬ ነበር።

መልስ፦ አታድርጊው። እኔ አድርጌው እናቴ በር ላይ ጉልበቷ ከዳት። ጎረቤት ሁሉ ተቆጣኝ፤ እውነታቸውን ነው። ደግሞ አማች ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ቤቱ ሳይሰናዳ እንግዳ ሲገባ እናት ታፍራለች። ቀድመሽ ደውይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አማርኛ አይችልም። አይሰለቸውም?

መልስ፦ ካልተረጎምሽለት ይሰለቸዋል። አንድ ሰዓት ስትስቁ ቆይታችሁ «ምን አላችሁ?» ሲልሽ «ምንም» አትበይው። እኔ እንደዚያ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ለቅሶ ስንደርስ ዋልን፤ እኔ በሌለሁበት የሞቱት ብዙ ናቸው። አራት ቤት ገባን። ማን እንደሞተ እንኳ ሳያውቅ አራቱም ቤት ተቀመጠ። አክስቴ «ምነው ከፋው?» አለችኝ። አልከፋውም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። በሁለተኛው ጉዞ በየበሩ ቆሜ ነገርኩት፦ ይቺ ሰው ማን ነበረች፣ እኔን እንዴት አሳደገችኝ። አንዱ ቤት ገብቶ የልጅቷን እጅ ያዘና የእናቷን ስም ጠራ። ሌላ ቃል አልነበረውም። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ተርጉሙ፣ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ ሸዋ በር አጠገብ ሆቴል አለ?

አንድ የቡድናችን አባል፦ የዚያ የጀጎል በር ስሙ አስመዲን በሪ ነው። ሐረሪዎቹ የሚጠሩበትን ስም ተጠቀሙ።

ሌላ አባል፦ እኛ ሸዋ በር እያልን ነው ያደግነው። እኛስ የሐረር ልጆች አይደለንም?

መልስ፦ ሁለታችሁም ናችሁ። ቤታችን ውስጥ አስመዲን እንላለን፣ ታክሲ ላይ ሸዋ በር። ፈላና በርም አሱም በሪ ነው፣ ኤረር በርም አርጎ በሪ። ለእንግዳችሁ ሁለቱንም ስም ንገሩት። ሆቴል አላውቅም፣ ያረፍኩት ቤተሰብ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር እንዴት ናት አሁን?

መልስ፦ ምኗ? ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ያደግኩበት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ሰው ቀድሞ ይላክ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ ፎቶ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ነው። ጫማ ይወልቃል። ነደባዎቹ፣ ማለት ከፍ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ አምስት ናቸው፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው፣ ካልተባላችሁ አትቀመጡበት። እኛ የድሮ ቤታችን ስንገባ ሰፌዶቹ የሌላ ሰው ናቸው፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ግን አያቴ የምትቀመጥበት ነደባ ጠርዝ እንደተጎደጎደ ነበር። እሷ ናት በ40 ዓመት ያን ያህል የፈተገችው። በእጄ ዳበስኩት። ሴትየዋ አይታኝ ቡናውን አቀራረበች። ባለቤቴንም ጠራሁትና እጁን እዚያው ላይ አስቀመጥኩለት።

ጥያቄ፦ ጅብ ማብላቱስ?

መልስ፦ ማታ፣ ከግንቡ ውጭ። ቀን ላይ ግን ወራባ ኑዱልን አሳዩት፤ ጅቦቹ ሌሊት እንዲገቡ በግንቡ የተተወላቸው ቀዳዳ ነው። እኔ ከማብላቱ ይልቅ እሱን እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ መንገዱ ሰላም ነው? ቪዛስ?

መልስ፦ ስለ መንገዱ በሄዳችሁበት ሳምንት እዚያ ያለ ዘመድ ጠይቁ። ቪዛውን ኢሚግሬሽን።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቋንቋ አይችልም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብቡ እንጂ! ተርጉሙ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሚስቴ ሐረርን ባትወዳትስ?

መልስ፦ የኔም በመጀመሪያው አልወደዳትም። በአምስት ቀን ውስጥ 30 ቤት አስገብቼው ደከመው። በሁለተኛው ሁለት ሳምንት ቆየን፤ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ አደባባዩ ፈረስ መጋላ እየወጣ ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ሻይ ቤቱም ለመደው። የሦስተኛውን ትኬት የቆረጠው እሱ ነው። ጥር ላይ እንሄዳለን።