ኮሎኔል በኮርያ፣ ሌተና ጄኔራል በኮንጎ፦ ስለ ከበደ ገብሬ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ እሺ፣ ቃል በገባሁት መሠረት የዛሬ ከሰዓቴን ለእናንተ ትቻለሁ። ርዕሱ አንድ ሰው ነው፦ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመት ስትጠቅሱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አብራችሁ ጻፉ፤ እኔ ካልለየሁት የእኛ ነው። ሁለተኛ፣ የአባት የአያት ፎቶና ሜዳይ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጡ። ለእኔም። ጀምሩ።

የወንጂ ልጅ፦ መምህር እንደምን ዋሉ? ጄኔራሉ ኮርያ ላይ የኢትዮጵያን ጦር፣ ቃኘው ሻለቃን፣ ሲመሩ ስንት ዓመታቸው ነበር?

መምህር፦ ጥያቄው ውስጥ ሁለት ስሕተት ስላለ ዕድሜውን እናቆየው። ኮርያ ሲሄዱ ጄኔራል አልነበሩም፣ ኮሎኔል ነበሩ። ሻለቃውን እያዋጋ የመራውም ሌላ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ይባላሉ። ኮሎኔል ከበደ የዘመቻው ጦር የበላይ አዛዥ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰልህ። ሻለቃው በአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር፤ የዕለቱን የውጊያ ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚያ ነው። የበላይ አዛዡ ግን አገሩን ወክሎ የቆመ ነው። ወታደሮቻችን የት ይሰለፋሉ፣ የቆሰለው የት ይታከማል፣ ያጠፋውን ማን ይቀጣል፣ አዲስ አበባ ምን ይነገራት የሚለው ሁሉ እሱ ዘንድ ይደርሳል። አንዱ ተራራ ላይ ነው፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ። ኮንጎ ስንደርስ ይህን ጠረጴዛ አስታውሱልኝ።

የመብራት ኃይሏ፦ ቃኘው የምኒልክ ፈረስ ስም አይደል? አያቴ እንዲያ ነው የሚሉት።

መምህር፦ አያትሽን አክብሬ፣ አይደለም። የምኒልክ አባ ዳኘው ነው። አባ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ አባት። ዳኘውና ቃኘው በጆሮ ስለሚቀራረቡ ሰው ሁሉ ይደባልቃቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሳርም ኖሬያለሁ። ኮንጎ የዘመተውስ? ጠቅል ብርጌድ። አባ ጠቅል ደግሞ የራሳቸው የኃይለ ሥላሴ የፈረስ ስም ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኮርያ በአባት ፈረስ ስም፣ ኮንጎ በልጅ ፈረስ ስም። የአሥመራውን የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያም ቃኘው ያሉት ከዚሁ ተነሥተው ነው። የእኛ ጦር ስም ሲያወጣ ዝም ብሎ አያወጣም። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ማታ ማውራት እችላለሁ፤ ግን አልጨርስባችሁም።

ሶደሬ፦ በዶላር ነበር የሚከፈላቸው? ስንት ነበር?

መምህር፦ ደመወዝ ጠያቂ መቼም አይጠፋም። ቀጥሉ።

የፍራንኮ ልጅ፦ መምህር፣ ዘማቾቹ በናዝሬት አልፈዋል ይባላል። እውነት ነው?

መምህር፦ ሌላ መንገድ ከየት ይመጣል? ከለገሃር በምድር ባቡር ተነሥተው ጅቡቲ ወርደው ነው መርከብ የተሳፈሩት። ሐዲዱ በእኛ ከተማ ያልፋል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ድሬዳዋ። ከጅቡቲ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ተነሥተው ሚያዝያ 28 ፑሳን ደረሱ፤ በፈረንጅ ግንቦት ወር 1951 መሆኑ ነው።

ገልማ፦ ናዝሬት የሚባል ከተማ የለም። አዳማ ነው።

የፍራንኮ ልጅ፦ በ1943 ግን ስሟ ናዝሬት ነበር። እኔ የዚያን ጊዜውን ስም ነው የጻፍኩት።

ገልማ፦ ከዚያም በፊት አዳማ ነበረች። ስሙን የቀየሩት እኮ እነዚያው ወደ ኮርያ የላኩት ንጉሥ ናቸው።

ሶደሬ፦ እኔ እስከ ዛሬ ታክሲ ላይ «ናዝሬት ናዝሬት» ሲሉ ነው የምሰማው።

ገልማ፦ ታክሲ ረዳት የታሪክ ምንጭ ሆነ ማለት ነው?

መምህር፦ በቃ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስለዚህ የሚያጨቃጭቅ የለም። ቀድሞም አዳማ ነበረች፣ በኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፣ ከዚያ አዳማ ተመልሶ ጸደቀ። የ1943 ወረቀት ላይ ናዝሬት ካያችሁ እንዳትሰርዙት! አንድ ተማሪዬ የአባቱን የጉዞ ወረቀት «ላርመው» ብሎ በስክሪብቶ አበላሽቶታል። አሮጌ ወረቀት አይታረምም። ወደ ሰውየው እንመለስ።

አቦሰጥ፦ ስለ ጄኔራሉ በደንብ ቢያብራሩልን።

መምህር፦ «በደንብ አብራሩልን» ጥያቄ አይደለም ወንድሜ። የቱን?

የመብራት ኃይሏ፦ እኔ ልጠይቅልዎ። ኮንጎ ላይ በትክክል ሥራቸው ምን ነበር?

መምህር፦ አንቺ ኑሪልኝ። ኮንጎ ሰኔ 23 ቀን 1952 ከቤልጂግ ነጻ ወጣች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦሩ ዐመፀ፣ ቤልጂጎች ወታደር መልሰው አስገቡ፣ ካታንጋ የምትባለው ግዛት ተገነጠልኩ አለች። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገባ፤ የእኛም በሐምሌ ወር ደረሰ። ይህ ጦር በጣም በበዛበት ጊዜ ወደ 20,000 ሰው ነበረው። የጦሩ አዛዥ መጀመሪያ ስዊድናዊው ፎን ሆርን፣ ቀጥሎ አየርላንዳዊው ማኪዮን ነበሩ። ሦስተኛው በፈረንጅ ሚያዝያ 1962፣ በእኛ 1954 መሆኑ ነው፣ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። እስከ 1955 ሐምሌ ቆዩበት።

አሁን ያ ጠረጴዛ መጣ። ቢሯቸው ሊዮፖልድቪል ነው፣ የዛሬዋ ኪንሻሳ። ውጊያው ያለው ካታንጋ፣ ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ። በሥራቸው የሕንድ፣ የአየርላንድ፣ የስዊድን፣ የጋና፣ የናይጄሪያ፣ የኢትዮጵያ ሰው አለ፤ እያንዳንዱ ደግሞ የራሱ መንግሥት ጆሮውን አቁሞ ይከታተለዋል። ከጎናቸው የሲቪሉ ኃላፊ ጋናዊው ሮበርት ጋርዲነር አሉ፤ ከሁሉም በላይ ኒውዮርክ ዋና ጸሐፊው ኡ ታንት። ታኅሣሥ 19 ቀን 1955 ግራንድ ስላም የተባለው ዘመቻ ሲጀመር ካታንጋ ላይ ያዘዙት ሕንዳዊው ሜጀር ጄኔራል ፕሬም ቻንድ ናቸው። የእኛ ልጆች የካታንጋን ዋና ከተማ ኤልዛቤትቪልን ወደ ሮዴዥያ የሚያገናኘውን መንገድ ይዘው ከተማዋን በደቡብ ዘጉ። ኋላ ሕንዶቹ የሉፊራን ወንዝ ተሻግረው ጃዶትቪል የምትባል የካታንጋ ከተማ ገቡ፤ ኒውዮርክ ቁሙ የምትል መሰላት፣ ሜዳው ግን ቀድሟት ሄዷል። ትእዛዙና ሜዳው ለምን እንደተላለፉ ለማጣራት የኡ ታንት ረዳት ራልፍ ባንች ራሳቸው ኮንጎ ድረስ መጡ። የአንድ ጦር አዛዥ ፈተናው ይህ ነው፤ ጥይት ሳይሆን መልእክት። በጥር ወር የካታንጋው መሪ ቾምቤ መገንጠሉን ተወ።

ስለ ከበደ ሲነሣ ሰው የሚፈልገው የጀብዱ ታሪክ ነው፤ ሰይፍ ይዘው ተራራ ሲወጡ። እኔ የማደንቃቸው ግን ስድስት አገር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው በመሥራታቸው ነው። ይህን የሚዘፍን አዝማሪ የለም።

ጋዜጠኛው፦ መምህር ይቅርታ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር የመራ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናይጄሪያዊው አጉዪ-ኢሮንሲ ነው። በየቦታው ተጽፏል።

መምህር፦ በየቦታው መጻፉ ነው ችግሩ። ቁጠር። ከከበደ በኋላ ኖርዌጂያዊው ካልዳገር መጣ፣ ከእሱ በኋላ በፈረንጅ ጥር 1964 ኢሮንሲ። ኢሮንሲ የመጨረሻው ነው። ሚያዝያ 1962 ነው ጥር 1964 የሚቀድመው?

ጋዜጠኛው፦ ታዲያ የእርስዎ 1954 እና 1955ስ?

መምህር፦ ይኸው! ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ያስጠነቀቅኩት። አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ ከቆጠርክ ኢሮንሲ ብቻ ሳይሆን ማንም ይቀድማል።

የወንጂ ልጅ፦ ናይጄሪያዎቹ ግን በጆሎፍም እንዲሁ ናቸው፣ ሁሉን የመጀመሪያ እኛ ነን ይላሉ።

ሶደሬ፦ ጆሎፍ የሴኔጋል ነው።

መምህር፦ ሩዙን ሌላ ቦታ ቀቅሉት።

አቦሰጥ፦ የጄኔራሉ ብሔር ምንድን ነው?

መምህር፦ እዚህ አይመለስም። ቀጣይ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ደርግ ለምን ገደላቸው?

መምህር፦ ከኮንጎ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳዎቹ መካከል አንዱ ናቸው። «ለምን» ለሚለው ያን ሌሊት ክስ የሰማ ችሎት የለም። ከዚህ በላይ አልሄድም፤ ይህ ገጽ ወደ ደርግና ንጉሥ ሙግት ከዞረ አይመለስም፤ ባለፈው ወር አይተነዋል።

ሶደሬ፦ ኮርያ የሞቱት ስንት ናቸው? አንዱ 121፣ አንዱ 122 ይላል።

መምህር፦ በብዛት የሚጠቀሰው 121 ሙትና 536 ቁስለኛ ነው። የተማረከ አንድም የለም። በአንድ ሰው አትጣሉ፤ ያ አንድ ሰው እናት ነበረችው።

የመብራት ኃይሏ፦ የአያቴ ወንድም ሜዳይ አለ። ሰማያዊና ነጭ መስመር ጥብጣብ፣ ጽሑፉ አማርኛ ነው። እማማ በሎሚና በአመድ ላጽዳው ይላሉ።

መምህር፦ ኧረ በሥላሴ! አስቁሚያቸው። የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳይ ነው፤ ለየአገሩ በየቋንቋው ነው የተሠራው፣ የእኛ በአማርኛ። ሎሚው ፊደሉን ይበላዋል። ደረቅ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ገዢ ከመጣ አይሸጥም በይው። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ዋናውን አይደለም። ስንቴ ልበል።

የፍራንኮ ልጅ፦ መምህር፣ አያቴ ልጅ ሆና ባቡር ጣቢያ ቆማ ዘማቾቹን አይቻለሁ ትላለች። ዳቦ ቆሎ በመስኮት ወረወርን ትላለች። ከሦስት ልጆቿ አንዱም አያምናትም።

መምህር፦ አንተም አታምናት፣ ግን ዛሬውኑ ቅዳት። ስልክህን ክፈትና አጠገቧ አስቀምጥ። ቀን ነበር ሌሊት? ባቡሩ ቆመ ወይስ ዝግ ብሎ አለፈ? ካፖርት ለብሰው ነበር? እነማን አብረዋት ቆሙ? ሁዳዴ ነበር ወይስ ፋሲካ አልፎ ነበር? ዓመተ ምሕረት አትጠይቃት፣ ትደነግጣለች፤ በጾምና በበዓል ጠይቃት። ቃኘው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለዘመተ የትኛውን እንዳየች የሚለየው ይኸው ነው። እየተናገረች አታርማት፤ ናዝሬት ካለች ናዝሬት ብለህ ጻፍ።

ገልማ፦ እስማማለሁ። እሷ ናዝሬት ትበል።

መምህር፦ ተመስገን።

የፍራንኮ ልጅ፦ አሁኑኑ ልሄድ ነው። አመሰግናለሁ መምህር።

አቦሰጥ፦ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት፣ ይቅርታ። ጄኔራሉ ኮርያ ላይ ሻለቃውን ሲመሩ...

መምህር፦ ኮሎኔል! ሻለቃውንም ተሾመ እርገቱ! ከላይ ጀምረህ አንብብ። ቡናዬ ቀርቧል፣ ደህና ዋሉ።