ከጂኖቹ ዝርዝር በፊት ሴሎቹን እዪ

ሰላም እህቴ። የባሬትን (የምግብ ቧንቧ የታችኛው ሽፋን አንጀት መሰል ሆኖ የተለወጠበት፣ ካንሰርን ሊቀድም የሚችል ሁኔታ) እና የአዴኖካርሲኖማን (ከዚያ የሚነሳው የምግብ ቧንቧ ካንሰር) ናሙናዎች አር ኤን ኤ (ጂኖች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየው ቅጂ) አወዳድረሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ልዩነት አሳይተውሻል። «የምግብ ቧንቧ ካንሰሩን ያመጡት እነዚህ ናቸው ልበል?» ነው ጥያቄሽ። እባክሽ ገና አትበዪ። እንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ላይ ብዙ ስለሠራሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የዝርዝርሽን አናት እዪ። የኮላጅን ጂኖቹ ኮል1ኤ1 እና ኮል3ኤ1 በካንሰሩ በኩል ከፍ ብለው ካየሽ ቶሎ አትደሰቺ። እነዚህን ኮላጅኖች በዋናነት የሚሠሩት ፋይብሮብላስት የሚባሉት የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ሴሎች ናቸው። የዕጢ ቁራጭ ውስጥ ደግሞ ፋይብሮብላስት፣ የደም ሥርና የመከላከያ ሴሎች ታጭቀው ይገኛሉ። አንዳንዱ ስላይድ ላይ የካንሰር ሴሎቹን በየመሃሉ ፈልገሽ ነው የምታገኚያቸው። የባሬት ባዮፕሲ (በኢንዶስኮፒ የሚቆነጠር ትንሽ ናሙና) ግን አብዛኛው የሽፋን ሴል ነው። ስለዚህ የለካሽው ልዩነት ብዙው የሴሎች ስብጥር ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ስኳመስ የተባለው፣ ጠፍጣፋ ሴሎች ያሉት የምግብ ቧንቧ ሽፋን መለያ የሆኑት ኬአርቲ5 እና ቲፒ63 በባሬቱ በኩል ከፍ ካሉስ? ያኔ የኢንዶስኮፒው መቆንጠጫ ከጠርዙ ጤነኛውን ስኳመስ ሽፋንም ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ይሄ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ለዚህ ነው የእያንዳንዱን ናሙና ስላይድ ከፓቶሎጂስት ጋር ተቀምጠሽ እዪ የምለው። ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ሙክ2 እና ቲኤፍኤፍ3 በካንሰሩ ቢቀንሱ አይግረምሽ። እነዚህን የሚሠሩት፣ የባሬት መለያ የሆኑት ንፍጥ አመንጪ ጎብሌት ሴሎች በካንሰሩ ብዙ ጊዜ ስለሚጠፉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዕጢ እንዳይፈጠር የሚከላከለው ጂን ቲፒ53 ዝርዝርሽ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ግን ችላ አትበዪው። በ2014 የወጣ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በካንሰሩ የሚታዩ ብዙ ሚውቴሽኖች ለዓመታት ወደ ካንሰር ባልተለወጠ ባሬት ውስጥም እንዳሉ አሳይቷል። የቲፒ53 ሚውቴሽን ግን በአብዛኛው ከከፍተኛ ደረጃ ዲስፕላሲያ (ካንሰር ከመሆን በፊት ያለ የሴሎች መዛባት) ጀምሮ የሚታይ ሆኖ ተገኘ። የሌላው ዕጢ ተከላካይ ጂን የኤስኤምኤዲ4 ሚውቴሽን ደግሞ ካንሰሩ ላይ ብቻ። ታዲያ አር ኤን ኤው ለምን ዝም ይላል? ብዙ ጊዜ የጂኑ አር ኤን ኤ መጠን እምብዛም ሳይለወጥ የተበላሸው ፕሮቲን ኒውክሊየሱ ውስጥ ይከማቻል። የቲፒ53 ፕሮቲን የሆነውን ፒ53ን በሚያሳይ ቀለም ስታዪው ኒውክሊየሱ ድፍን ቡናማ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ፕሮቲኑ ጭራሽ ይጠፋና ዙሪያው ያሉት ጤነኛ ሴሎች ፈዘዝ ብለው ቀለም ሲይዙ ዕጢው ባዶ ይታያል። ሁለቱም የብልሽት ምልክት ናቸው።

ስለዚህ ቢቻል ከአንድ ታማሚ የተወሰዱ ባሬት፣ ዲስፕላሲያና ዕጢ አወዳድሪ። ለመነሻ ማነጻጸሪያም ስኳመስ ሽፋን ብቻ አትውሰጂ፤ የጨጓራውን አፍ፣ ካርዲያን፣ ጨምሪ። በ2021 የወጣ ጥናት ባሬት የሚነሳው ከዚያ እንደሆነ ጠንካራ ማስረጃ አቅርቧል።

አንድ ነገር አልጻፍሽም፦ ናሙናዎቹ በፎርማሊን የቆዩ ናቸው ወይስ የቀዘቀዙ? ባሬቱ በሙሉ በፎርማሊን፣ ዕጢው በሙሉ የቀዘቀዘ ከሆነ የአያያዙን ልዩነት ከበሽታው ልዩነት የሚለይ ስሌት የለም። መጀመሪያ እሱን አጣሪና ጻፊልኝ።