የወፍጮ ቤቱን ፎቶ ለቤተሰቡ ይዛችሁ ሂዱ

ለተወደዳችሁ የጎጃም ወጣት ፎቶ አንሺዎች፤

ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው የሚገኙትን ጣሪያቸው የዛገ አሮጌ ወፍጮ ቤቶችና የኑግ ዘይት መጭመቂያዎች ለማንሳት ስትደክሙ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። በዚህ ሙያ እንዳረጀ ሰው ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤቱን አንስታችሁ ሥራችን አለቀ አትበሉ፤ ፎቶውን አሳትማችሁ ቤቱን ለሠሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይዛችሁላቸው ሂዱ።

ይህን አጥብቄ የምለምነው እነዚህ ቤቶች ሌላ መዝጋቢ ስለሌላቸው ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ መሠራቱን የፈለገ ሰው አንብቦ ሊደርስበት ይችላል። አንድ ነጋዴ ከዘመድ ተበድሮ፣ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር አስመጥቶ በትንሽ ከተማ የተከለው ወፍጮ ግን ታሪኩ ያለው በቤተሰቡ አፍ ላይ ነው፤ ያንን የሚያውቁት ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ስታነሱ ብርሃኑ ግድግዳውን በጎን የሚመታበትን ሰዓት፣ ማለዳን ወይም አመሻሽን ምረጡ፤ በቀትር ፀሐይ የማይታየው የደበዘዘ ጽሑፍና በጭቃ የተደፈነ የቀድሞ በር ያን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ሞተሩ ተነቅሎ ተሸጦ ብታገኙት ባዶ ነው ብላችሁ አትመለሱ። ሞተሩ የቆመበት የሲሚንቶ መደብ፣ ከመደቡ የቀሩት ብሎኖች፣ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያልፍበት የነበረው የግድግዳ ቀዳዳና በቀዳዳው ዙሪያ የጠቆረው ቅባት ማሽኑ እንዴት ይሠራ እንደነበር ይናገራሉና እያንዳንዳቸውን ቀረብ ብላችሁ አንሱ።

በቡሬ አካባቢ ያነሳሁትን አንድ ወፍጮ ቤት ፎቶ ለባለቤቱ ልጅ፣ አሁን ለመነኮሱት እማሆይ፣ ወስጄ አሳይቻቸው ነበር። እርሳቸው የሞተሩን መደብ አልፈው ጣታቸውን ከበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ መስኮት ላይ አኖሩ፤ የመስኮቷ ደፍ እንጨት መሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። «እናቴ እኮ ከዚች ነበር የምትቀመጥ» አሉኝ። አባታቸው ለንግድ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለነበሩ እህሉን የሚመዝኑት፣ የወፍጮውን ዋጋ የሚቀበሉት፣ ናፍጣ ሲያልቅ የሚያስመጡት እናታቸው ነበሩ። የመስኮቷን ደፍ የበላው የእርሳቸው ክንድና የገበያተኛው ከረጢት ነው። ወፍጮው ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በአባትየው ስም ብቻ ነው፤ ያቺ መስኮት በፎቶው ላይ ባትኖር ኖሮ እማሆይን ስለ እናታቸው ለመጠየቅ ወደ ልቤም አይመጣ ነበር።

ዘመኑን ስትጠይቁ «ስንት ዓ.ም. ነበር?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ በ1960ው የገበሬ አመፅ ጊዜ ወፍጮው ይሠራ ነበር ወይ፣ ንጉሡ ሲወርዱ ማን ይዞት ነበር እያላችሁ በሚያውቁት ነገር ምሩአቸው። ወደ 1967 ዓ.ም. ስትደርሱ ዝግ በሉ። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በብዙ ቤተሰብ ላይ ያሳደረው ቁስል ገና አልጠገገም፤ አንዳንዱ ሰው ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ወዲህ በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም። ሊናገሩ ካልፈለጉ ተዉአቸው፤ ሌላ ቀን ራሳቸው ያነሱታል።

ከአንድ ሰው ብቻ ሰምታችሁ ግን አትጻፉ። አንዱ ወንድም «አባታችን ብቻውን ተከለው» ሲል ሌላው «የአጎታችን ገንዘብም ነበረበት» ሊል ይችላል፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስምና ከነቀኑ መዝግቡ እንጂ ዳኛ አትሁኑ። ፎቶና ጽሑፋችሁ በውርስ ክርክር ላይ ማስረጃ ተብሎ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ምን ለማን እንደምታሳዩ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለቤተሰቡ ከምትሰጡት ቅጂ ጀርባ የቦታውን ስም፣ የተነሳበትን ቀንና የነገሯችሁን ነገር በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሎ አድሮ ወደ ፊት ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ከመስጠታችሁ በፊት የጻፋችሁትን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው፤ «እንዲህ አይደለም» ካሉ እዚያው አርሙት።