የታንኳው ጌታ

«ጋሼ፣ የገዛ አያቴ ድምፅ የሌላ ሰው ነው ተባልኩ።»

ይህን ያለችኝ አንዲት የዘጌ ልጅ ናት። የአያቷን እንጉርጉሮ በስልኳ ቀድታ ዩቲዩብ ላይ ጫነችው። አንዱ ድምፁን አውርዶ፣ ኪቦርድ ጨምሮበት፣ በራሱ ስም አስመዘገበው። ኮንቴንት አይዲ የሚሉት የድርጅቱ ማሽን ድምፅ ከድምፅ ያመሳክራል እንጂ ዘጌ ወርዶ አይጠይቅም። ያስመዘገበውን አመነ። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1997 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ወጣት ጠበቃ ነበርኩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ገና መውጣቱ ነው። ገበያው አካባቢ ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ቀኑን ሙሉ ያስጮኻሉ። አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት አዝማሪ ቢሮዬ ገቡ። ከደምቢያ ነው የመጡት፣ ከጎርጎራ በጀልባ። ያ ጀልባ መንገድ ላይ ያድር ነበር። እኔም በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ሄጄበታለሁ። ጆንያ ላይ ተኝቼ ሌሊቱን ሙሉ የውኃውን ድምፅ ስሰማ ማደሬ ትዝ ይለኛል።

መሰንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለውታል። ከኪሳቸው ካሴት አወጡ። ሠርግ ላይ ሲጫወቱ አንድ እንግዳ ቀድቷቸው ኖሯል። ሽፋኑ ላይ የማያውቁት ጎረምሳ ፎቶ አለ። ማንበብ አይችሉም፤ ያነበበችላቸው የጠላ ቤት ልጅ ናት። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

«ልጄ፣ የሕዝብ ማለት ምንድን ነው? ይኼ እኮ እኅቴ የሞተች ጊዜ ያወጣሁት ነው» አሉኝ።

«የጽሑፍ ማስረጃ አለዎት አባባ?»

የላቸውም።

«እንግዲያው ከባድ ነው። ባህል ደግሞ የሁላችንም ነው» አልኩና ሰዓቴን አየሁ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ካሴቱን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው እንዲህ አሉ፦

ታንኳዬን ወሰዱት ከነመቅዘፊያው፤
ሐይቁ ነው ይላሉ የታንኳዬ ጌታው።

ወጡ።

አዋጁን አንብቤዋለሁ ባይ ነበርኩ። ያነበብኩት ግን ገረፍ ገረፍ አድርጌ ነው። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ስገልጠው ደነገጥኩ። መብቱን ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም። ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ፣ ከሆነና አንድ ነገር ላይ ከሰፈረ ይበቃል። እኔ ወረቀት ስጠይቃቸው ካሴቱ እጃቸው ላይ ነበር! ከዚያም ወረድ ብሎ ስለ ከዋኞች፣ ማለትም ስለሚዘፍኑና ስለሚጫወቱ ሰዎች፣ ይናገራል። ሲጫወቱ ያለ ፈቃዳቸው መቅዳት፣ የተቀዳውንም ማባዛት አይቻልም። ጥበቃው 50 ዓመት ነው። ደምቢያ ሄጄ ልፈልጋቸው አሰብኩ። ማን ብዬ? ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።

ያቺን ስንኝ ግን ስንት ቦታ ተናገርኳት። ሠርግ ላይ፣ ሥልጠና ላይ፣ «አንድ አዝማሪ እንዳሉት» እያልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔም «የሕዝብ» አደረግኋት።

የዘንድሮ ልጆች የሰው ቪዲዮ ቆርጣችሁ የራሳችሁን ሎጎ ስትለጥፉበት ስለዚህ ነው የምቆጣው። መልካችሁን ለማሳየት ትቸኩላላችሁ፣ ከማን እንደወሰዳችሁ ለመናገር ግን አትቸኩሉም። ይህን ስል ደግሞ ተማሪነቴ ይመጣብኛል። ያኔ ሁሉ ካሴቴ ኮፒ ነበር። ኦርጅናሉን የምገዛበት አልነበረኝም፤ ያ ኮፒ ባይኖር የአገሬን ዘፈን የት እሰማው ነበር? የአዝማሪ ዜማም ከአፍ ወደ አፍ ካልሄደ ይሞታል። ሁሉ ነገር በፈቃድ ይሁን ብል ያው ሐይቁን ማጠር ነው። ሁለቱን ማስታረቅ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

የዘጌዋ ልጄ፣ ተቃውሞሽን አስገቢ። ያኛው ወገን መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን አለው። ስልክሽ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ቅጂ እንዳታጠፊው፤ የአዝማሪው ካሴት ማለት እሱ ነው። በዘጌ እንጉርጉሮ ላይ መጀመሪያ የሚፈርደው የእኛ አዋጅ ሳይሆን የሩቅ አገር ድርጅት ደንብ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ቢሆንም ዝም አትበይ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ቪዲዮሽን ማታ ከፍቼ አየሁት። ከሥሩ «ባህላዊ እንጉርጉሮ፣ ዘጌ» ብለሽ ጽፈሻል። እስከ ታች ወርጄ ፈለግሁ፣ ሌላ የለም።

አያትሽ ማን ይባላሉ?