በሬው ይቆይ፤ መጀመሪያ ስምሽ ይስተካከል

ከእነማይ ወረዳ ገጠር ቀበሌ መጥታ ብቸና ቤት ተከራይታ የምትማር የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካለች። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት። ለጎበዝ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ የክረምት የሳይንስ ሥልጠና ማስታወቂያ ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ምዝገባው ማክሰኞ ያበቃል። እሷ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ልታመጣ አገር ቤት ነበረች። ሰኞ ሪከርድ ክፍል ስትደርስ "ካርድሽ ላይ ያለው ስም ከቀበሌ ወረቀትሽ ጋር አይገናኝም" ተብላ ተመለሰች፤ ሥልጠናውም አለፋት። ይህን የሰሙ አዲስ አበባ ያሉ አጎቷ ቱርክ በስኮላርሺፕ የሚልክ ሰው እንደሚያውቁ፣ 60,000 ብር ብቻ እንደሚያስፈልግ ለአባቷ ነገሯቸው። አባቷ አንዱን በሬ ሊሸጡ ነው። "ዕድል ሰው ላለው ነው፤ እኔ ሰው የለኝም" ትላለች። ነርስ እንድትሆን ቤተሰብ እንደሚገፋት፣ እሷ ግን ምህንድስና እንደምትወድ፣ ዘመናዊ ስልክ እንደሌላትም ጽፋለች።

እንዴት ከረምሽ ልጄ? ሥልጠናው ያለፈሽ ሰው ስለሌለሽ አይደለም። ግማሹ ጥፋት የትምህርት ቤቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት ለጥፎ ማክሰኞ መዝጋት ስንቅ ለማምጣት በእግሩ ለሚመላለስ ተማሪ ማስታወቂያ አይባልም። በተማሪዎች መማክርት በኩል ለርዕሰ መምህሩ አቅርቡት፤ ጥያቄያችሁም ቀላል ይሁን፦ ቀነ ገደብ ያለው ማስታወቂያ ሁሉ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ይነበብ፣ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይደገም። ይህ ሳንቲም አያስወጣም።

ግማሹ ግን የስምሽ ጉዳይ ነው። አንቺ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። ሪከርድ ክፍል ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ወረቀት አጋንኜ አይ ይሆናል፤ ቢሆንም በውጤቱ ሳይሆን በስሙ የሚወድቅ ጎበዝ ተማሪ ብዙ ነው።

እውነተኛ ስምሽን እዚህ አላወጣውም፤ ለምሳሌ "ፀዳለ ቀለመወርቅ ወልደ ማርያም" እንበልሽ። የአያትሽ ስም ሁለት ቃል ነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬትሽ ላይ "ወልደማርያም" ተብሎ ተገጥሟል። 9ኛ ክፍል የመዘገበሽ ሰው ለየብቻ ጻፈውና፣ ቅጹ ሦስት ሳጥን ብቻ ስላለው "ወልደ" ላይ አቆመ። ቀበሌ ደግሞ አባትሽ በቤት ስምሽ "እናኑ" ብለው አስመዝግበውሻል። ላንቺ ሦስቱም አንቺ ነሽ፤ ለወረቀት ግን ሦስት ልጆች ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይብሳል፤ "ፀ"ን አንዱ በቲ እና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ "ቀ"ን አንዱ በኬይ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። በአማርኛ "ፀ" እና "ጸ" ቢለዋወጡ ማንም አይጣላሽም፤ ኮምፒውተር ግን አንዲት ፊደል ከተለየችበት ሌላ ሰው ነው የሚለው።

ታዲያ የትኛው ይጽና? የ8ኛ ክፍሉ። እሱ የክልል ፈተና ሰነድ ነው፤ እሱን ማስቀየር ከትምህርት ቤትሽ በር አልፎ መንከራተትን ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይምጣ።

መጀመሪያ ከአባትሽ ጋር ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት የሚመዘግበው ሠራተኛ ዘንድ ሂዱና በ8ኛ ክፍሉ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጥሽ በሉ። "እናኑ" የሚለው የቤተሰብ ዝርዝር ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በዚያ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ግን የስም ለውጥ ይባላልና ፍርድ ቤት ሊያስኬድ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የወጣ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ወረቀቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚጻፍ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ በብጣሽ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ለጸሐፊው ግምት አትተዪለት።

ቀጥሎ ፋይዳ። የሚመዘግቡት ልጆች ቶሎ ቶሎ ነው የሚተይቡት፤ "ይመዝገብ" ከማለታቸው በፊት ስክሪኑን አዙረው እንዲያሳዩሽ ጠይቂና ፊደል በፊደል አንብቢ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ፓስፖርት ማውጣት ቢመጣ እንኳ በዚሁ አጻጻፍ ይሁን።

ከዚያ ሪከርድ ክፍል። ማመልከቻ ጻፊ፤ የ8ኛ ክፍሉን ሰርተፍኬትና የልደት ወረቀቱን ኮፒ አያይዢ፣ ዋናውንም ለማመሳከሪያ ያዢ። "ትራንስክሪፕቴ ይስተካከል" አትበዪ፤ "ሮስተሬ ይስተካከል" በዪ። ሮስተር የክፍሉ ተማሪዎች ስምና ውጤት የሚሰፍርበት ዋናው መዝገብ ነው፤ ትራንስክሪፕት ከእሱ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፤ ሮስተሩ ካልታረመ ዘንድሮ ያስተካከሉልሽ ስህተት ለከርሞ ተመልሶ ይመጣል። የ9ኛም፣ የ10ኛም፣ የ11ኛም ሮስተር ላይ መታረሙን በዓይንሽ እዪ። ይህ ሁሉ 12ኛ ክፍል ለፈተና ከመመዝገብሽ በፊት ያልቅ፤ ያኔ የገባው ስም ነው ውጤትሽ ላይ የሚወጣው። ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ከትምህርት ቤትሽ እጅ ወጥቶ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ነው፤ ለአንዲት ፊደል የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት እንዳይመጣብሽ።

የልደት ቀንም ሌላ ወጥመድ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2000 መወለድሽን ጽፈሻል። በፈረንጅ ኤፕሪል 20 ቀን 2008 ነው። ተማሪዎች ግን ቅጹ ላይ እንዳለ "12/8/2000" ብለው ይሞላሉ፤ አንባቢው በራሱ አቆጣጠር ስለሚያነበው ስምንት ዓመት ገደማ ታረጂያለሽ። የዕድሜ ገደብ ያለው ነገር ሁሉ ያኔውኑ ይጥልሻል፤ ለምን እንደጣለሽም አይነግርሽም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8 ይደመራል። ቀኑንና ወሩንም ቀይሪ፤ ዓመቱን ብቻ ለውጦ ሚያዝያን "4" ሳይሆን "8" ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ወረቀቱ ሲስተካከል አንድ የፕላስቲክ ፋይል ግዢና በውስጡ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ እስካሁን የተማርሽበት ትራንስክሪፕት፣ የፋይዳ ቁጥርሽ፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኮፒ፣ ስድስት ጉርድ ፎቶ አስቀምጪ። ኪራይ ቤት አታኑሪው፤ ጣሪያው በክረምት አይታመንም። ትራንስክሪፕቱን ስትቀበዪ ማኅተሙን እዪው። ግማሹ ፎቶሽ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ዙሪያው ያለው ጽሑፍም ይነበብ። ቀለሙ የደረቀ ማኅተም ከሆነ "እንደገና ይመታልኝ" ለማለት አትፈሪ፤ ኮፒ ሲደረግ ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ ኮምፒውተር ቤት አስገብተሽ በስካነር ፒዲኤፍ አሠሪ። በስልክ የተነሣ ወረቀት የእጅ ጥላ ያርፍበታል፣ ጠርዙም ይቆረጣል። ፋይሉን ለራስሽ ኢሜይል ላኪው፤ የይለፍ ቃሉን ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ለኮምፒውተር ቤቱ ልጅ አትተዪ። ያኔ ዓርብ ከሰዓት የተለጠፈ ማስታወቂያ ሰኞ ብታገኚው እንኳ በአንድ ሰዓት ታስገቢያለሽ።

አሁን ወደ በሬው። ይህን ለአባትሽ አንብቢላቸው።

አባቷ፣ በሬውን አይሽጡ። በሰኔ በሬ የሸጠ ሰው ለከርሞው መቀናጆ ፈላጊ ነው፤ ጤፍ ደግሞ እርሻው ተደጋግሞ ለስልሶ በሐምሌ ይዘራል እንጂ የጎረቤት ተራ እስኪደርስ አይጠብቅም። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይባላል፤ እዚህ ላይ ሳሩን ያየው ሌላ ሰው ነው፣ ገደል የሚገባው ግን የእርስዎ በሬ ነው። ወንድምዎ ክፉ አስበው ነው አላልኩም፤ እሳቸውም ተነግሯቸው ይሆናል።

ደላላ የሚያመጣው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ደብዳቤ ነው፤ ስኮላርሺፕ አይደለም። ከፍሎ ለሚማር ሰው የመግቢያ ደብዳቤ መስጠት ለውጭ የግል ዩኒቨርሲቲ ከባድ ነገር አይደለም። "50 በመቶ ስኮላርሺፕ" ሲሉሽም የቀረውን 50 በመቶ፣ የቤት ኪራይና ምግቡን በውጭ ምንዛሪ ትከፍያለሽ ማለታቸው ነው። ያ በአንድ በሬ አይዘለቅም። የቱርክ መንግሥት ራሱ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቱርኪዬ ቡርስላሪ ይባላል፤ ማመልከቻው በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 70 በመቶ ውጤት፣ ለሕክምና 90 በመቶ ይጠይቃል። የሚያመለክተው ደግሞ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ወይም በዚያው ዓመት የሚጨርስ ነው። አንቺ 11ኛ ክፍል ነሽ። እንግዲህ ዘንድሮ በሰኔ፣ በ60,000 ብር፣ 11ኛ ክፍል ያለች ልጅ በስኮላርሺፕ ቱርክ እልካለሁ የሚል ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ አስቡት።

አጎትሽ ካላመኑ ሦስት ጥያቄ ለሰውዬው ይጠይቁልሽ። ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ትኬቱን ማን እንደሚከፍል ደብዳቤው ላይ የተጻፈበትን መስመር ያሳየን። ማመልከቻው በልጅቷ ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉም እሷ ዘንድ ይሁን። ለብሩ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቁረጥ። "መጀመሪያ የፕሮሰስ ይከፈልና" ካለ ተዉት፤ ከፕሮሰስ ቀጥሎ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ ከዚያ የባንክ ስቴትመንት እያለ ይቀጥላል። በሚቀጥለው ጥር ፋይልሽ ሙሉ ከሆነ ራስሽ ታመለክቻለሽ፤ የሚያስወጣሽም የኢንተርኔት ቤት ሒሳብ ነው።

ነርስ ወይስ መሐንዲስ የሚለውን ከ12ኛ ክፍል ውጤት በፊት ቤት ውስጥ አትጨቃጨቁበት፤ ለሁለቱም በሩ ያው ከ600 ቢያንስ 300 ማምጣት ነውና ኃይልሽን ሒሳብና ፊዚክስ ላይ አውዪው። ባይሞላ ሬሜዲያል አለ፤ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ ኤሌክትሪክ መማርም ውርደት አይደለም፣ እጅ ያለው ሰው አይራብም።

ስልኩን በተመለከተ፣ አብረሻቸው ከምትኖሪው አንዷ ካላት የትምህርት ቤቱን ቴሌግራም በየማታው እሷ ትይላችሁ፤ አንቺ ደግሞ ወደ አገር ቤት ከመሄድሽ በፊት ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳውን ዞር ብለሽ አንብቢ። ክረምቱን ሥልጠና ለማግኘት የግድ ያለፈሽን ቦታ መጠበቅ የለብሽም፤ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው የኮምፒውተር ኮርስ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፣ ስትጨርሺም ሰርተፍኬት አለው። እዚያም ላይ ስምሽን ባጸናሽው አጻጻፍ አስገቢ።

ሪከርድ ክፍል በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ ሮስተር ተዘግቶ ካርድ መሰጠት ከጀመረ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ይበዛል፣ ረቡዕ ከሰዓት ይሻላል።