የቡድን ጥያቄና መልስ፦ ስትሮክን በቪዲዮ መመርመር

ጠያቂ፦ ዶክተር፣ ሕመምተኛውን ሳይነኩ በስክሪን ብቻ እንዴት ይመረምሩታል?

መልስ፦ የምነካው አጠገቡ ባለችው ነርስ እጅ ነው። የስትሮክ መመዘኛው ከ0 (ምንም ጉድለት ካልታየ) እስከ 42 ነጥብ አለው፤ አብዛኛው በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ነው። ክንዱን 10 ሰከንድ፣ እግሩን 5 ሰከንድ አንሥቶ መያዝ መቻሉን እያየሁ እቆጥራለሁ። ስሜቱን ግን ነርሷ ግራና ቀኙን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ትፈትንልኛለች። ካሜራው ማጉላት የሚችል ይሁን፤ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን መሳቡን ቀርቤ ማየት አለብኝ። ከሁሉ በፊት ግን የደም ስኳሩንና ሰዓቱን ንገሩኝ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ቁርጥ ስትሮክ የመታው ይመስላል።

ጠያቂ፦ ሰዓት ሲሉ ሕመሙ የታወቀበት ነው?

መልስ፦ አይደለም! መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበት ነው። ማታ 4 ሰዓት ደህና ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ቢለው፣ ቆጠራው ከማታው 4 ሰዓት ይጀምራል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ከሆነ ግን ለተመረጡ ሕመምተኞች እስከ 24 ሰዓት ድረስ የረጋውን ደም በካቴተር (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ «አልፎበታል» ብላችሁ ሳትደውሉ እንዳትቀሩ።

ጠያቂ፦ ቪዲዮው ቢቋረጥስ?

መልስ፦ በስልክ ይቀጥላል። ሌላ ጥያቄ?

ጠያቂ፦ ስትሮኩ አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ይሁን ደም ሥር ውስጥ ረግቶ የመጣ መሆኑን በምልክቱ መለየት ይቻላል?

አንድ አባል፦ ራስ ምታትና ትውከት ካለ ፈሷል ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ የለም፣ አጎቴን ራሱን ሳያመው ነው ፈሶ የተገኘው።

አንድ አባል፦ እሱ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው።

መልስ፦ ክርክሩን ተዉት። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ምስሉ ሳይታይ አስፕሪንም ቢሆን አትስጡ።

ጠያቂ፦ እናቴን አንዳንዴ ያዞራታል። ስትሮክ ይሆን?

መልስ፦ «አንዳንዴ» ስንት ጊዜ ነው? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለኝም፤ ሐኪም ይያት። ድንገት የጀመረ ማዞር ግን ሌላ ነው፣ በቪዲዮ ከሚያመልጡን አንዱ እሱ ነውና። የአንጎል የኋላ ክፍል ሲመታ ሕመምተኛው ተኝቶ ሲታይ ነጥቡ 0 ሊሆን ይችላል፤ መመዘኛው አረማመድን አይጠይቅማ። ስለዚህ ነጥቡን ሰምቼ አልዘጋም። ሰው ደግፎት አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፣ ከቻለም ይቁም እላለሁ። ሳይደገፍ መቀመጥ ካቃተው፣ ነጥቡ ምንም ይበል፣ እንደ ስትሮክ አየዋለሁ።

ጠያቂ፦ ተኝቶ ከሆነ የያዘው ሰዓቱ ከነቃበት ነው የሚቆጠረው አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።